ትንፋሽ ላይ ሲደርስ ዝም ያለው ድምፅ

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቤታችን በርበሬ በረንዳ አጠገብ ስለሆነ በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ሰው ሲያወራ ሰማን የሚሉ ጎረቤቶች ሞልተዋል፣ እኔ ግን "አይጥ ነው" ብዬ አልፋለሁ። የነርስነት ትምህርት አንደኛ ዓመት ነኝ፣ የማምነው ያየሁትንና የቆጠርኩትን ነው። ስለዚህ የምነግራችሁን እንደ ተረት አትስሙብኝ፣ እመኑኝ፣ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ለልምምድ የተመደብኩት መርካቶ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል፣ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ነው። ቀድሞ ነርሶቹ ማስታወሻ የሚጽፉት እንደየራሳቸው ነበር አሉ፣ አንዷ "ደህና ነው" ብላ ትተወዋለች፣ ሌላዋ ገጽ ትሞላለች፣ የምትረከበው ግራ ትጋባለች። አሁን ግን ሁሉም በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይጽፋል፤ ሙቀት፣ የቆዳ ቀለም፣ አመጋገብ፣ ትንፋሽ። ተረኛ ሲቀያየርም አንዷ ታነባለች፣ ሌላዋ ከኋላዋ ቆማ ትደግማለች፣ ያልተደገመ ነገር አይታለፍም።

እሁድ ከሰዓት ነበር። መርካቶ እሁድ እንዴት ጭር እንደሚል ታውቃላችሁ፣ ሌላ ቀን በመስኮት የሚገባው የተሸካሚና የመኪና ጩኸት ሁሉ የለም። ሸማ ተራ ጋቢ የምትሸጠው ሰዓዳ፣ ያለጊዜው የተወለደ ልጇን ከመስታወቱ በር ኋላ ሆና ታያለች፣ የበፊቱ ልጇ አልተረፈላትም።

"እህቴ፣ ዛሬስ እንዴት ነው?"

"አሁን ልናነብለት ነው።"

"በይ ጥሩ ጥሩውን አንብቢልኝ!" ብላ ሳቅ አለችና ወዲያው አፏን በሻሿ ሸፈነች።

የምታሠለጥነኝ ሲስተር ብዙነሽ ከኋላዬ ቆመች። "ደግሞ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ አትጩሂ፣ ሕፃን ነው የተኛው" አለችኝ። ቀስ ብዬ ጀመርኩ፣ የማነበው ቅድም ራሴ የጻፍኩትን ስለነበር ዓይኔ ከወረቀቱ አልተነሳም።

"ሙቀት፣ ደህና።"

"ሙቀት፣ ደህና።"

"ቀለም፣ ጥሩ።"

"ቀለም፣ ጥሩ።" ድምጿ ትንሽ የቀዘቀዘ መሰለኝ፣ ደክሟት ነው አልኩ።

"አመጋገብ፣ በቱቦ ወስዷል።"

"በቱቦ ወስዷል።"

"ትንፋሽ፣ የተስተካከለ።"

ዝም።

"ትንፋሽ፣ የተስተካከለ" አልኩ እንደገና። ዝም። ግን ሰው አለ፣ የጋውን ኮሽታ ይሰማኛል። "ሲስተር፣ ስህተት አለው እንዴ?" ብዬ ዞርኩ፣ ማንም የለም።

ሕፃኑን ያየሁት ያኔ ነው፣ ደረቱ አይንቀሳቀስም፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። መቆጣጠሪያ ማሽኑ ለባሰበት ሕፃን ተወስዶ ስለነበር የጮኸ ነገር አልነበረም። እየተጣራሁ የእግሩን መዳፍ እንደተማርኩት አሸሁት፣ ሲስተር ብዙነሽ ከኮሪደር እየሮጠች ገብታ በፓምፕ አየር ሰጠችው፣ ከዚያ ቃተተና አለቀሰ።

"ማዋለጃ ክፍል ጠርተውኝ መጣሁ ብዬሽ ወጣሁ እኮ" አለችኝ በኋላ፣ "ሙቀትን እንኳ አላነበብሽም ነበር።"

"ታዲያ ማን ደገመልኝ?"

"ደክሞሽ ነው" አለች። እኔም ይህንኑ ልቀበል ነበር። ስወጣ ግን ሰዓዳ እጄን ያዘችኝ።

"ያችን ከኋላሽ የቆመችውን ነርስ አመስግኝልኝ፣ አንቺ ስታነቢ እሷ ልጄን ብቻ ነበር የምታየው።"

"ሲስተር ብዙነሽን ነው?"

"እሷንማ አውቃታለሁ።"

ልጁ አድጎ፣ ወፍሮ ቤቱ ገብቷል፣ አልሐምዱሊላህ እያለች ነው ይዛው የሄደችው። እኔ ዛሬም እዚያው እለማመዳለሁ። ትንፋሽ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ትቼ ደረት አያለሁ፣ የሚደግምልኝን ግን፣ እውነቴን ነው፣ ዞሬ አላይም።