ዳኛው የዋሸበት ቅዳሜ

ከመጻሕፍት መደብሩ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ቅዳሜ ከሰዓት አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተረት ይጫወታሉ። እያንዳንዱ አንድ ጀግና ይሆናል፤ የጀግናውን ዕጣ ዳይስ፣ ያቺ የምትጣለው ባለነጥብ ጠጠር፣ ይወስናል። ሕጉን የሚያስከብረው መነጽር ሠሪው ነው፤ «ዳኛው» ይሉታል።

አንድ ቅዳሜ አንዲት ወጣት መጽሐፍ ልትገዛ መጥታ፣ ሳቅ ሰምታ ደረጃውን ወጣች። ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ፣ እጇ የረጋ፣ አፏ ግን የማያርፍ ልጅ ናት።

በመጀመሪያው ቀን ጀግናዋን ሦስት ሽፍቶች ከበቧት።

«ላምልጥ» አለች።

«ከውጊያ የሚሸሽ ጀርባውን ይሰጣል። አንዴ በነፃ ይመቱሻል» አላት ዳኛው።

«ብዋሻቸውስ? ‹ወታደሮች ከኋላዬ እየመጡ ነው› ብላቸው?»

«ዳይስ ትጥያለሽ፤ እነሱም ይጥላሉ። ከበለጥሻቸው ያምኑሻል።»

«አንተስ ታምነኛለህ?»

ዳይሱን ሊያቀብላት የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሌሎቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ሰባት ወር ተዋደዱ። አባቷ አልጋ መያዙን ግን አልነገረችውም፤ ከሱ ጋር ስትሆን የሕመም ወሬ እንዲነሣ አትፈልግም ነበር። ስለ ቤተሰቧ ሲጠይቃት፣ «በያጁን ወንድሜን ብታየው ትሸሻለህ» ብላ ሳቀች። ቀልዷን ነበር። እሱ ግን ቀልዱን በሆዱ ያዘው።

አንድ ቅዳሜ እሷ በሌለችበት፣ በሩን የሞላ ሰው ገባ። ክንዱ በእሳት ፍንጣሪ ተጠባብሷል።

«የእህቴ ወዳጅ የትኛችሁ ነው? ጥርስ የምትሠራዋ።»

ዳኛው ክንዱን አየ። ከዚያ ዓይኑን ሳይሰብር፣

«እንዲህ ያለ ሰው እዚህ የለም ወንድሜ» አለው። «ለጨዋታ ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ምስኪን፣ የሌለውን አለ ብላ ይሆናል።»

አንዱ ሳቀ። በያጁ አንገቱን ደፍቶ ወረደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የሥራ ጋወኗን እንደለበሰች መጣች። ዳኛው ቀድሟት ተናገረ።

«ሊደበድበኝ የመጣ መስሎኝ ነው።»

«ሊጠራህ ነው የመጣው። አባቴ ‹ያንን ልጅ አምጡልኝ፣ ልየው› ብሎ።»

ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሣ። «አሁኑኑ እንሂድ! እግራቸው ላይ ወድቄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ማክሰኞ ቀበርነው።»

መልሶ ተቀመጠ።

«ወንድሜ ያልከውን ሁሉ ለአባቴ ነገረው» አለች። «አባቴ እጄን ይዞ ‹አይዞሽ ልጄ፣ ብቸኝነት ነው› አለኝ። እውነት ነው፣ ወዳጅ አለኝ ብዬ ማልኩለት። አላመነኝም። እያዘነልኝ ሞተ።»

«ለወንድምሽ እውነቱን ልንገረው?»

«አሁን ለማን ሊጠቅም?»

ወረደች። አልተመለሰችም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በያጁ መነጽር ሊያሠራ ወደ አንድ መነጽር ቤት ገባ። ዳኛውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አንተ ነህ እንዴ! እህቴ እኮ አግብታ ወለደች። ያኔ እውነቱን ስለነገርከን እግዜር ይስጥህ። ባትነግረን የሌለ ሰው ስንጠብቅ እንኖር ነበር።»

ዳኛው የያዘውን መስታወት ደጋግሞ ወለወለ።

«ምንም አይደል» አለው።