ወደ ግራ የዞረው ስፌት

ወላሂ፣ የምነግራችሁ ከጀጎል ግንብ የጸና እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ብገኝ ጥርሴ አንድ ሳይቀር ይርገፍ። ካላመናችሁኝ እህቴን ነሲማን ጠይቋት፤ ይኸው ከልጇ ከዐይሻ ጋር አጠገቤ ተቀምጣ ትሰፋለች።

ዘመኑ 1940 ዓ.ም. ነው። እኔ በክሪ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ብሆንም ከሐረር እስከ ድሬ ጠያራ በእውቀት የሚስተካከለኝ አልነበረም። አንድ ሰኞ መምህራችን አቶ ደምሴ አርባችንንም ግድግዳ አስደግፈው ቁመታችንን በጠመኔ ለኩ። ከመካከላችን ሳህሉ ጢም አብቅሏል፤ በሁለት ወር የሚበልጠው እንደሻው ግን ከሳህሉ ደረት አላለፈም። የእኔ ድምፅ በዚያው ሳምንት ጎርንኖ ስለነበር፣ «አቤት» ባልኩ ቁጥር ፈረስ መጋላ ገበያ ያሉ አህዮች ደንግጠው ጭነት ይጥሉ ነበር።

«ሰው እንደ ጡብ ከአንድ ቅርጽ አይወጣም» አሉ አቶ ደምሴ። «አንዱ ቀድሞ ያድጋል፣ አንዱ ቆይቶ። አንዱ በቀኙ ይሠራል፣ አንዱ በግራው። ጥፋት አይደለም። እስከ ሐሙስ ከቤታችሁ አንድ ልጅ ተመልከቱና ያያችሁትን ጻፉ።»

ከዚያ በኋላ እግሬ አላርፍ አለኝ። በየጠባቡ መንገድ ያገኘሁትን ሁሉ በዓይኔ እለካለሁ፤ ማን ረዘመ፣ ማን ዘገየ፣ የትኛው ልጅ በየትኛው እጁ ድንጋይ ይወረውራል። እኔስ ለምን ከሳህሉ አነስኩ? ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሌላውን ሁሉ ግን ማታውኑ ለነሲማ ነገርኳት።

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤቱ ታምሷል። የታላቅ እህታችን ሠርግ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ለሙሽራይቱ ግድግዳ ላይ ጥንድ ሆነው የሚሰቀሉ ሁለት ክብ የስንደዶ ስፌቶች ነበሩ፤ አንዱን አክስታችን ዐፋፍ ሰፍተዋል፣ ሁለተኛውን የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ነሲማ። ነሲማ ወስፌዋን በግራ እጇ ስለምትይዝ፣ የአክስቴ ስፌት ወደ ቀኝ ሲዞር የእሷ ወደ ግራ ዞሮ ተገኘ።

«ይህን ሰቅዬ የሠርግ ሴቶች ይሳቁብኝ?» አሉ አክስቴ። «ፍቺው። ግራ እጅሽን በጨርቅ አስረን እንደገና ትጀምሪያለሽ።»

«በቀኜ ከሆነ ለሠርጉ አይደርስም፣ አክስቴ።»

«ካልደረሰ የጎረቤት ልጅ ትሰፋዋለች። ያንቺ አይሰቀልም።»

ነሲማ ወደ እኔ ዞረች። «በክሪ፣ መምህርህ ያሉትን ንገራቸው።»

እኔ ታዲያ ዝም የምል ሰው ነኝ? ሽማግሌዎች ብቻ ከሚቀመጡበት ከፍተኛው መደብ ላይ ወጥቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። ከጎረቤት ሴቶች ዐሥራ ሁለቱ አለቀሱ። አክስቴ ጨርቁን ጥለው «ማሻአላህ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አሉ። ስፌቱም ተሰቀለ፤ ሙሽራው ራሱ ከሙሽራይቱ በፊት ያየው እሱን ነው። አቶ ደምሴ ለጽሑፌ ከመቶ መቶ ዐሥር ሰጡኝ።

አሁን ይህን ስናገር ዐይሻ አፏን ከፍታ ትሰማኛለች። ወስፌው በግራ እጇ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ «በየትኛው ልያዘው?» እያለች እናቷን ትጠይቅ ነበር፤ እናቷ ግን እስካሁን አልመለሰችላትም።

ነሲማ ቀና አላለችም። በቀኝ እጇ ወጋች፣ ሳበች።

«መደቡ ላይ አልወጣህም» አለች በዝግታ። «አክስቴ "ያዛት" ሲሉህ "እሺ" አልክ። ጨርቁን ያሰርከው አንተ ነህ፤ ሁለት ጊዜ ቋጠርከው። ለአቶ ደምሴም የጻፍከው ስለ ድመታችን ነው።»

ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

«ዐይሻ፣ በያዝሽበት እጅ ቀጥዪ።»