የአራተኛዋ ግልገል ደም

«አራተኛዋ የዚህች እናት ልጅ አይደለችም» አሉ መምህር ገብረ አምላክ፣ ከአዲስ አበባ የመጣላቸውን የጥንቸሎቹን የደም ምርመራ ውጤት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው።

የባዮሎጂ ክበቡ ልጆች ወደ ወረቀቱ አንጋጠጡ። ዓይናዲስ ጥቁር ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

መምህሩ ጠመኔ አነሱ። «በሽታ የሚከላከለው ፀረ እንግዳ አካል ሁለት ከባድ፣ ሁለት ቀላል ሰንሰለት አለው ብያችሁ የለ? የጥንቸል ቀላል ሰንሰለት ምልክት አለው። ግልገል አንዱን ከአባቷ፣ አንዱን ከእናቷ ትወርሳለች። አባትየው ቢ አራት፣ እናትየዋ ቢ አምስት። ሦስቱ ግልገሎች ሁለቱንም ይዘዋል። አራተኛዋ ግን ቢ ዘጠኝ ብቻ!»

«ሌላ ባል አግብታ ይሆናላ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቁ።

«ብታገባስ፣ የራሷ ቢ አምስት የት ገባ? ብልቃጦቹ ላይ ስም የለጠፈው ማነው?»

ሁሉም ወደ ውዴ ዞሩ።

«እናቴ ትሙት ቲቸር፣ አላቀያየርኩም!» አለች ውዴ። ወዲያው አፏን ያዘች። «ይቅርታ፣ ዓይኔ» አለቻት ዓይናዲስን፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የስንት ወር ልፋት ነው ልጄ» አሉ መምህሩ። « እንግዲህ ክበቡን ብትለቂ ይሻላል።»

ውዴ ደብተሯን መሰብሰብ ጀመረች።

ለጥንቸሎቹ ውኃ የማጠጣቱ ተራ የዓይናዲስ ነበር፤ ለእናቷ አርባ ተዝካር ወደ አገሯ ፃግብጂ የሄደች ጊዜ። መቼም ሐዘንተኛ ልጅ ምኑን ታስታውሳለች? ለማንም አደራ ሳትል አርብ ሄዳ ሰኞ ስትመለስ የውኃው ጣሳ ደርቋል፤ ትንሿም ግልገል ደርቃለች። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ፣ ከቁልቋሉ ሥር ቀበረቻት። ከጎረቤት የምትመስላትን ለምና ተካች። ጥንቸል በአገሩ አትበላም፣ አይለቀስላትም፤ ማን ይጠይቃል? እሷም ብትሆን አንዱን ሞት ሳትችለው፣ ሌላ ሞት ለሰው መንገር አልሆነላትም።

መምህሩ ሰሌዳውን ማጥፋት ያዙ። ቢ አራት ጠፋ። ጨርቁ የእናትየዋ ምልክት ላይ ደረሰ።

«እሱን አያጥፉት፣ መምህር» አለች ዓይናዲስ።

ቆመች። የውዴን ደብተር ከእጇ ወስዳ ዴስኩ ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ይምጡ» አለች። «ከቁልቋሉ ሥር የማሳይዎት አለ።»