ጎልፍ የማይጫወቱ ሰዎች

ይርዳው ከጡረታ በኋላ የፈለገው ዝምታ ብቻ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ማተሚያ ቤት ውስጥ የማሽን ጩኸት ጆሮውን ሲደበድበው ኖሯል፤ ቤቱም አውቶቡስ ተራ አጠገብ ስለነበር ገና ጎህ ሳይቀድ የረዳቶች ጥሪ ከእንቅልፉ ያባንነው ነበር። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ በጎልፍ ሜዳ ዙሪያ ለጡረተኞች የተሠራውን መንደር ያየ ቀን ልቡ እዚያው ቀረ። ሚስቱ አስካለ ግን ከሰፈሯ ሰው መለየት አልፈለገችም።

"ጎልፍ የማንጫወት ሰዎች እዚያ ሄደን ምን እንሠራለን?" አለችው።

"ሌሎቹ ይጫወቱ፤ እኛ ሣሩን እናያለን።"

ሳቀችበት፤ ከዚያም እንደ ሁልጊዜው እሺ አለችው። ልጅ አልወለዱም፤ ያላቸው እርስ በርሳቸው ብቻ ነበር።

መንደሩ በእርግጥም ጸጥ ያለ ነበር። ጠዋት የታጨደ ሣር ሽታ በመስኮት ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ከባሕር ዛፎቹ በኩል ይመጣል፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ከሜዳው ማዶ ኳስ ሲመታ "ጧ" የሚል አንድ ደረቅ ድምፅ ይሰማና ሁሉም መልሶ ዝም ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ድምፁን ወደደው። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ከነከነው፤ ድምፁን ይሰማል እንጂ ኳስ ሲበር ወይም ሲወድቅ አይቶ አያውቅም። ሜዳው ላይ የሚያያቸው ሰዎችም ሁልጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ለየብቻቸው፣ ቀስ እያሉ ወደ ማዶ የሚሄዱ ናቸው፤ ሲመለሱ ያየበት ጊዜ የለም። ለአስካለ ሲነግራት "አንተ ደግሞ ዝምታውን ስታገኝ የምትጨነቅበት ልትፈልግ ነው?" ብላ አሾፈችበት።

የመጀመሪያው እንግዳቸው ጎረቤታቸው አቶ ኅሩይ ነበሩ። አዲስ ጎረቤት ቤት ባዶ እጅ አይገባምና እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ይዘው የመጡት ግን ዳቦ ሳይሆን አንድ አሮጌ የጎልፍ ዱላ ነበር። የእጀታው ቆዳ ብዙ ሰው እንደጨበጠው ያስታውቃል።

"እኛ እኮ አንጫወትም" አላቸው ይርዳው።

"እኛም አንጫወትም ነበር።"

"ለሁለት ሰው ደግሞ አንድ ዱላ?" አለች አስካለ እየሳቀች።

"አንዱ ይበቃችኋል" አሉ አቶ ኅሩይ። እሳቸው አልሳቁም። ባለቤታቸው የት እንዳሉ ስትጠይቃቸው ዓይናቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው "ሜዳ ላይ ናት፤ ዛሬ ትመጣለች" አሏት።

ቤት ድረስ የመጣ ስጦታ አይመለስም፤ ዱላው በሩ አጠገብ ተደግፎ ቀረ። የተጫዋች ቤት ቢሆን ኖሮ ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ይረሳ ነበር። አስካለ ግን ነርስ ሆና ዘመኗን ሙሉ በእግሯ የቆመች፣ ጉልበቷ የሚያማት ሴት ናትና ገልብጣ ብረቱን ጨበጠችና ምርኩዝ አደረገችው። "ይኸው፣ ሥራ አገኘሁለት!" አለች። ይርዳው ያን ቀን ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ እንዲያ የሳቀበት ቀን የለም።

ጉልበቷ ተሻላት። መጀመሪያ እስከ አጥሩ፣ ቀጥሎ ሜዳው መሃል እስካለው ኩሬ፣ በኋላም ከኩሬው ወዲያ ብቻዋን መሄድ ጀመረች። አብሬሽ ልምጣ ሲላት "አንተ ሣሩን እይ" ትለዋለች። ዝናብ በሌለበት በጋ የቀሚሷ ጫፍ ርሶ ትመለሳለች፤ እጇ ይቀዘቅዛል፤ ከፀጉሯ ገና የተቆፈረ አፈር ሽታ ይመጣል። ያቺ ወሬ ወዳድ ሴት አሁን ስትጠየቅ የምትመልሰው ዘግይታ፣ ከሩቅ እንደተጠራ ሰው ነው። ዱላውን ሊደብቅባት አሰበ፤ ግን ተኝታም ከእጇ አትለቀውም።

አቶ ኅሩይ ዱላውን ካመጡበት ማግስት አንሥቶ ደግሞ በረንዳቸው ላይ አንዲት ሴት ትቀመጣለች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባለች፤ ከነጠላው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። አቶ ኅሩይ ሻይ ይቀዱላታል፤ ብርጭቆው ሳይነካ ይቀዘቅዛል፤ እሳቸው ግን እያዩዋት በደስታ ያለቅሳሉ። ይርዳውን ባዩ ጊዜ አንገታቸውን ደፉ።

አንድ ቀን ጀንበር ጠልቃ አስካለ ሳትመለስ ቀረች። ጥበቃዎችና ፖሊሶች ሜዳውን አሰሱ፣ ዋናተኛ ኩሬው ውስጥ ገባ፤ ምንም አልተገኘም። ዱላው ብቻ ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ በሩ አጠገብ፣ በድሮ ቦታው ተደግፎ ተገኘ። የድሮ ሰፈራቸው እድርተኞች መጥተው ድንኳን እንጣል ቢሉት "አልሞተችም" ብሎ መለሳቸው። እንዴት ብሎ ይንገራቸው? አመሻሽ ላይ ያያታል፤ ያንኑ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ምርኩዝ ሳትይዝ፣ እያነከሰች ወደ ማዶ ትሄዳለች። አንጀቱን የበላው ማነከሷ ነው። ይጣራል፣ ይሮጣል፤ በሮጠ ቁጥር ሜዳው ይሰፋበታል። "ከሰፈራችን አንውጣ ብለሽኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያመጣሁሽ" እያለ ሣሩ ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል።

አንድ ምሽት አቶ ኅሩይ መጥተው አነሱት።

"እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም" አሉት። የልብሱን ሣር እያራገፉለት፣ "አዲስ ጎረቤት እስኪመጣ ዱላውን በደንብ ያስቀምጡት" አሉ።

ይርዳው ገፍትሯቸው ቤቱ ገባ። ዱላውን በመጥረቢያ ሊሰብረው አነሳው፤ ብረቱ ላይ ግን አስካለ ለጉልበቷ የምትቀባው ቅባት ሽታ ነበር። አቅፎት ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ክረምቱ እንዳለፈ ከፊት ለፊት ያለው ቤት ደጃፍ ላይ ዕቃ የጫነ መኪና ቆመ። የመጡት ጡረታ የወጡ መምህርና ሚስታቸው ናቸው። ሴትየዋ ባሏን "ኧረ እኛ ጎልፍ የት እናውቃለን!" እያለች ስትስቅበት ድምጿ ይርዳው በረንዳ ድረስ ተሰማ። እንባው መጣ። ፊቱን ታጠበ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ሄዶ በራቸውን አንኳኳ።

"እግዜር ይስጥልን፤ ግን እኛ አንጫወትም" አለች ሴትየዋ፣ ዱላውን መልሳ እየዘረጋችለት። "ደግሞስ ለሁለት ሰው አንድ ብቻ?"

ሊቀበላት ይችል ነበር። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

"አንዱ ይበቃችኋል።"

"ባለቤትዎስ? ምነው ይዘዋቸው ሳይመጡ?"

ይርዳው ወደ ሜዳው ዞረ። ባለ ሰማያዊ ሹራቧ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ መሄዷን አቁማ፣ ፊቷን ወደ ቤቶቹ መልሳለች።

"ሜዳ ላይ ናት" አለ፤ "ዛሬ ትመጣለች።"