ከገንዳው ጀርባ ያለችው ክፍል

ይህ የሆነው በእኔ ላይ ነው። ከማንም አልሰማሁትም።

የቤቱ ባለቤት እማማ ዛሬ ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ከመጻፌ በፊት ደውዬ ፈቃድ ጠየቅኋቸው። «ጻፈው፣ አድራሻውን ብቻ ተወው» አሉኝ።

ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ሥራዬ የዓሣ ገንዳ ማጽዳት ነው። በየቤቱና በየቢሮው እየዞርኩ ውሃ እቀይራለሁ፣ ጠጠሩን አጥባለሁ፣ የታመመ ዓሣ ካለ አያለሁ።

እማማ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት።

«ዓሦቼ በየሳምንቱ ይሞቱብኛል» ብለው ነው የጠሩኝ። «የቧንቧውን ውሃ ሁለት ቀን አሳድሬ ነው የምጨምረው። ምን እንደማጠፋ እንጃ።»

ገንዳው ግድግዳው ውስጥ የተሠራ ነው። በፊቱ ሳሎኑ፣ ከጀርባው አንዲት ጠባብ ክፍል። የሚጸዳው ከጀርባ በኩል ነው። ክፍሏ መስኮት የላትም። አንድ አምፖልና አንድ በር... በቃ።

«ልጄ፣ በሩ እንዳይዘጋብህ» አሉኝ። «ከውስጥ እጀታ የለውም።»

ውሃ የሞላ ትልቅ ባልዲ በሩ ሥር አስደግፌ ገባሁ።

ውሃውን በመመርመሪያ ወረቀት አየሁት። ክሎሪን የለውም። ድንጋዮቹን አውጥቼ አቼቶ ጠብ አደረግሁባቸው፤ አረፋ ከሠራ ድንጋዩ ውሃ ያበላሻል። አልሠራም። የፕላስቲክ ቅጠሎቹን አሸኋቸው፤ ቀለማቸው አይለቅም።

አንድ ነገር ግን አላማረኝም...

ዓሣ እጅ ሲያይ ምግብ የመጣለት ይመስለዋል። የእማማ ዓሦች ግን ሁሉም ሳሎን በኩል ያለው መስታወት ላይ ተለጥፈዋል። አንድም ወደ እኔ የዞረ የለም።

በመጨረሻ ለጌጥ የተቀመጠችውን የሸክላ ማሰሮ አወጣሁ። ስነቀንቃት ውስጧ የሆነ ነገር ተንኳኳ።

አረንጓዴ ዝገት የበላው የነሐስ ቁልፍ ነበር።

ተገላገልኩ አልኩ። ነሐስ ውስጥ መዳብ አለ፤ መዳብ ደግሞ ውሃው ውስጥ ሲሟሟ ለዓሣ መርዝ ነው። ለእማማ ልነግራቸው ዞር ስል...

ባልዲው እግሬ ሥር ነው።

አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

በሩ ተዘግቷል።

ገፋሁት። በጥፍሬ ልስበው ሞከርኩ። ንቅንቅ አላለም።

ስልኬን ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። በውሃው አሻግሬ አየዋለሁ፤ ይበራል፣ ይጠፋል። ሰው እየደወለልኝ ነው። እማማ ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

መስታወቱን ደበደብኩ። አልነቁም።

ግንባሬን አስደግፌ ተጣራሁ። ትንፋሼ መስታወቱ ላይ ጉም ሠራ።

ከጎኑ ሌላ ጉም ነበር...

ከእኔ ከፍ ብሎ።

ይሰፋል... ይጠባል... ይሰፋል።

እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነበር።

ዞሬ አላየሁም። እውነቱን ልናገርና፣ ወኔው አልነበረኝም። ግድግዳውን በመዳፌ እየዳበስኩ በሩ ጋ ደረስኩ። እጀታ አይኑረው እንጂ የቁልፍ ቀዳዳ አለው። የያዝኩትን ቁልፍ ከተትኩት።

ዞረ።

ሳሎን ስደርስ እማማ ነቅተዋል። ዓይናቸው እጄ ላይ ነው።

«የት አገኘኸው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ማሰሮዋ ውስጥ። ዓሦቹን የገደለብዎት እሱ ነው።»

«ለካ ባለቤቴ እዚያ ነው የደበቀው...» አሉ። «ሊሞት ሲል ከውስጥ የሚከፍት ቁልፍ እንዳይኖር ይለኝ ነበር። እየቃዠ መስሎኝ...»

ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ከፍተህ ወጣህ?»

«አዎ።»

«መልሰህ ዘጋኸው?»

አልዘጋሁትም።

ሁለታችንም ክፍሏ ወዳለችበት ኮሪደር ዞርን። ጥዬው ስወጣ ገርበብ ያለው በር አሁን ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«እማማ፣ እንውጣ።»

«ቀስ ብለህ ሂድ። አትሩጥ። እከተልሃለሁ።»

ግቢው ውስጥ ደርሼ ዞር ስል እማማ የሉም። የቤቱ በር ከኋላዬ ተዘግቷል፤ ብገፋው አልከፈት አለኝ።

ጎረቤት ያለውን ልብስ ሰፊ ጠራሁት። ሁለት ጊዜ አላስጠየቀኝም፤ መጥቶ በሩን በትከሻው ይገፋው ጀመር። እኔ ሮጬ በሳሎኑ መስኮት ተመለከትኩ።

እማማ ከገንዳው ጀርባ ናቸው።

ጠባቧ ክፍል ገብተው በሩን በላያቸው ላይ ዘግተዋል። ፊታቸው በውሃው ውስጥ ይታየኛል። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገዋል።

የሚያዩት ግን እኔን አይደለም።

ሳሎን ያለውን ወንበራቸውን ነው።

ወንበሩ ባዶ ነበር... ትራሱ ግን፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሆነው፣ ቀስ እያለ ሰረጎደ።