የዓመት ጠመኔ

ሐሙስ ሐሙስ አሥር ሰዓት ላይ፣ ተማሪዎች ወጥተው ግቢው ጭር ሲል፣ ነጋዴው መኪናውን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ያቆምና ጉልበቱን እያሻሸ ይወርዳል። ጉልበቱን የጎዳው ሸክም ነው። አባቱ ሲሞት ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ ጆንያ ተሸከመ፤ ከዚያ አስፋልት ዳር ሳሙና ዘርግቶ ሸጠ፤ ከዚያ አንድ ሱቅ፣ ከዚያ ሦስት መጋዘን። አሁን አርባ ዓመቱ ነው። አንዲት ሳሙና ነጥሎ መሸጥ ከተወ ስለቆየ ገበያው «ጋሼ ጅምላ» ይለዋል።

ትምህርት ቤቱን ያሠራው እሱ ነው። በምረቃው ቀን ንግግር እንዲያደርግ ቢለመን እምቢ ብሎ ከኋላ ወንበር ሲደረድር ዋለ። ርዕሰ መምህርቷ የቀን ሠራተኛ መስሏት እነዚያንም ወደ ጥላው አምጣቸው አለችው። አመጣቸው። ማን እንደሆነ የነገሯት እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። በማግስቱ ይቅርታ ልትጠይቀው መጋዘኑ ድረስ ሄደች። እሱ ግን እንደዚያ በቀጥታ የሚያዘው ሰው ካጣ ዓመታት አልፈው ነበርና፣ ይቅርታዋን ሲሰማ ትንሽ ቅር አለው።

የሐሙሱ ነገር የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ምን እንደጎደለ ይጠይቃታል፤ እሷ አንድ ነገር ትነግረዋለች። አንድ ብቻ። አንድ ሐሙስ ጠመኔ፣ አንድ ሐሙስ አምፖል፣ አንድ ሐሙስ የላላ የበር ማጠፊያ። መፍቻውን ከመኪናው አውጥቶ ራሱ ይጠግናል፤ እሷ ብሎኖቹን በመዳፏ ይዛለት ትቆማለች። ብሎን ሲቀበላት ጣቱ መዳፏን ይነካል። ያኔ ሁለቱም ስለ በሩ ማውራት ይጀምራሉ።

እሷ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ጠዋት የታመመች እናቷን አጣጥባ፣ አልብሳና አብልታ ትመጣለች፤ ቀኑን ከስምንት መቶ ልጆች ጋር ስትጮህ ትውላለች። አንድ ሐሙስ ነጋዴው ብሎን ሊቀበል ዞር ሲል፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ዓይኗን ጨፍና አያት። አልቀሰቀሳትም። ብሎኖቹን ከመዳፏ ላይ አንድ በአንድ አነሳ።

ፊቷ ላይ ያየው ድካም እስከ ቤቱ ተከተለው። ለካ በየሳምንቱ እያስለመንኳት ኖሯል፣ አለ በልቡ። ልመና ከጆንያ በላይ እንደሚያደክም በራሱ ላይ ያየ ሰው ነው።

ሰኞ ጠዋት የጭነት መኪና ላከላት። የዓመት ጠመኔ፣ የዓመት ደብተር፣ አምፖል በካርቶን፣ መጥረጊያ በእስር፣ ማጠፊያና ቁልፍ በጆንያ። ሾፌሩም የተሰጠውን መልእክት አደረሰ፦ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ነው፣ ከእንግዲህ መጠየቅ አያስፈልግም።

እሷ ፈርማ ተቀበለች። ጋሼን ሰለቸኋቸው ማለት ነው፣ አለች በልቧ፤ ደግሞም ቢሰለቹ አይፈረድባቸውም። እህቷ በሌላ ከተማ ትኖራለች፤ እናታችንን አብረን እናስታም፣ ተዛውረሽ ነይ እያለች ስትወተውታት ሁለት ዓመት ሆኗታል። የዝውውር ማመልከቻው ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለምን እንዳላስገባችው ለእህቷ ብዙ ምክንያት ደርድራለች፤ ሐሙስን ግን አንድም ቀን አላነሳችም። በዚያው ሰኞ አስገባችው።

ሐሙስ ሲደርስ እሱ በልማድ እስከ አጥሩ ጥግ ነዳና ተመለሰ። ምን ጎደለ ብሎ ይግባ? ቀጣዩም ሐሙስ እንዲሁ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ማንም ማንንም አልበደለም፤ ሁለቱም ግን እንደ ተበዳይ ኮስሰው ሰነበቱ።

ርዕሰ መምህርቷ ቅዳሜ እንደምትሄድ ሾፌሩ ለነጋዴው ታላቅ እህት ነገራት። እህትየው ከሳሙናው ዘመን ጀምሮ አብራው የሠራች ናት፤ እስካሁንም «አንተ ልጅ» ነው የምትለው። ምን አድርጎ እንዳስቀየማት ጠየቀችው። ደክሟት አይቶ የዓመቱን ሁሉ እንደላከላት አስረዳት።

«አንተ ልጅ» አለች፣ «ባለፈው ወር እኔ ራሴ ሁለት ካርቶን ጠመኔ ሰጥቻታለሁ። በሦስተኛው ቀን አንተን ጠመኔ አለቀ አለችህ። ስምንት መቶ ልጅ ጠመኔ ይበላል እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ትጠይቀኛለች?»

«ሰው ጅምላ ሲልህ ስለ ንግድህ ይመስለኝ ነበር» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

በዚያው ቀን ነጋዴው ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ርዕሰ መምህርቷ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ለተተኪዋ የምታስረክበውን ንብረት ትመዘግባለች።

«ዛሬ ሐሙስ አይደለም» አለችው ቀና ሳትል። «ደግሞም የጎደለ የለም። ሁሉንም ልከዋል።»

«ደክሞዎት አየሁ። መጠየቁ ያደከመዎት መሰለኝ።»

«የሚያደክመኝ ሌላው ቀን ነው። ሐሙስ አያደክመኝም ነበር።»

እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች።

«ጠመኔው አላለቀም ነበር» አለች። «አምፖሉም አልተቃጠለም ነበር።»

«ማጠፊያውስ?»

«በሳንቲም ፈትቼው ነው።»

ሳቀ። ከሳቀ ብዙ ጊዜው ስለነበር ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

«እኔ ትንሽ ትንሽ መስጠት አልችልበትም» አላት። «ሰው ሲያሳስበኝ መኪና ጭኜ እልካለሁ። እኔም አብሬ መምጣት እንዳለብኝ የነገረኝ የለም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ እሱ ያላየ መሰለ። ዝውውሩ እንደጸደቀ፣ የእናቷ ዕቃ ታስሮ እህቷ እየጠበቀች እንደሆነ ነገረችው። ቅሪ አላላትም። እናት ታማ ሳለ ቅሪ ማለት ነውር ነው። ይልቅ እዚያ የምትከራይ ቤት ትገኝ እንደሆነ ጠየቃት።

«እዚያም ትምህርት ቤት ሊያሠሩ?»

«አይደለም። አንቺ ያለሽበት ልኖር።»

«መጋዘኑስ?»

«እህቴ አለች። ዱሮም ነጋዴዋ እሷ ናት፤ እኔ ተሸካሚ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችው። ሽበቱን፣ የደከመ ትከሻውን፣ የት እንደሚያሳርፋቸው የጠፋበትን እጆቹን።

«እናቴ ከባድ ታማሚ ናት» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቀኑን ሙሉ ትጠራለች፣ ትነጫነጫለች። ዛሬ ማን እንደሆንክ ብትነግራት ነገ ትረሳዋለች።»

«ነገም እነግራቸዋለኋ። የልጅዎ ባል ነኝ እያልኩ ጠዋት ጠዋት እነግራቸዋለሁ።»

ርዕሰ መምህርቷ ምዝገባውን ሳትጨርስ ደብተሩን ዘጋችው።

«እንግዲያው ቤት እንሂድ» አለችው። «ከዛሬ ጀምር።»