ከሙላቱ ስልክ

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ጅዳ በኒ ማሊክ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ፊልም ያዩ ነበር፤ ሮማነወርቅ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጇ ይትባረክ፣ ጎረቤታቸው ነጅማ እና አርብ አርብ እነሱ ዘንድ የምታርፈው እየሩሳሌም። ሦስቱ የሚያውቁትን እየሩሳሌም አታውቅም። አገር ቤት ያለው እጮኛዋ ሙላቱ ከሞተ አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል።

መርዶ በዋዛ አይነገርም። ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፈው የሚይዟት ከግራና ከቀኝ ተቀምጠው ነው። እየሩሳሌም ግን የምትሠራውም የምታድረውም አሠሪዋ፣ ማዳሟ ቤት ነው፤ ዕረፍቷ አርብ ከረፋዱ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ብቻ። አሁን ቢነግሯት ማታ ብቻዋን ልትገባ ነው። ለማዳሟ ነግረው ፈቃድ እንዳይጠይቁ ደግሞ፣ ሴትዮዋ ወጥ ቤት ቆማ መርዶውን ታፈርጥባታለች ብለው ፈሩ። እንዲህ እያሉ አንድ አርብ አለፈ፤ ይኸው ሁለተኛው።

ፊልሙን የመረጠችው ሮማነወርቅ ናት። ሥዕሉ ላይ ሙሽራና ሙሽሪት ስላየች አስቂኝ የሠርግ ፊልም መስሏት ነበር። እየሩሳሌም «አገር ቤት ልደውል» እንዳትል ሁለት ሰዓት ያዘናጋታል ብላ ነው። ይትባረክ የፍቅር ፊልም አይወድም።

«ሁሌ ዝናብ ይዘንባል፣ ሁሌ ሰውዬው ያስላል» አለ በር ላይ ቆሞ።

«ያላ፣ ተቀመጥ» አለችው ነጅማ። «ስታለቅስ አናይህም፤ ወላሂ ፊታችንን እናዞራለን።»

«እኔ ላለቅስ?»

«ሶፍት የሚጨርሰው ያንተ ቢጤ ነው።»

ተቀመጠ። ፊልሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ ለልጅቱ ደብዳቤ ሲጽፍላት የነበረው ሰውዬ ሞተ፤ ደብዳቤው ግን አልቆመም። የልጅቱ እናት፣ ልጄ ትሰበርብኛለች ብላ በሟቹ ስም ትጽፍላት ጀመር። ነጅማ ቀልዷን ተወች። ሮማነወርቅ በዓይኗ ሪሞቱን ፈለገች፤ እየሩሳሌም ጭን ላይ ነበር።

«እንቀይረው፤ ይደብራል» አለ ይትባረክ።

«ተወው ባክህ፣ ደስ ብሎኛል» አለች እየሩሳሌም እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። «ግን ምን ዓይነት ሞኝ ናት? የሚወዱት ሰው ሲጽፍና ሌላ ሰው ሲጽፍ አይለይም?»

ለፀሐዩ ብለው መጋረጃውን ስለዘጉት ክፍሉ ጨልሟል። የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን የሁሉንም ፊት የታመመ ሰው ፊት አስመስሎታል። መኪፉ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ብቻ ያጉረመርማል፤ ቅዝቃዜው ከወትሮው በረታ።

ያኔ የእየሩሳሌም ስልክ ጮኸ።

«ሙላቱ ነው» አለችና ለይትባረክ አቀበለችው። ፊደል ስላልቆጠረች የሚያነብላት እሱ ነው። ድሮ ሙላቱ የሚልከው ድምፅ ነበር። አሁን «ስልኬ ድምፅ አልቀዳ አለ» በሚል ሰበብ ጽሑፍ ብቻ ይመጣል፤ በሙላቱ ስልክ የሚጽፈውም በሮማነወርቅ ልመና ታላቅ ወንድሙ ምስጋና ነው።

ስክሪኑ ላይ ባለው ፎቶ ሙላቱ ባጃጅ ተደግፎ ይስቃል። ከሥሩ «ኦንላይን» ይላል። ወዲያው ደግሞ «እየጻፈ ነው» የሚል ብቅ አለ። ይትባረክ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ያውቃል። ቢሆንም ስልኩን ከፊቱ ራቅ አደረገው።

«አንብብልኝ እንጂ፤ ቀስ ብለህ» አለችው። «ሰሞኑን የሱን ድምፅ ላስታውስ ስል ያንተ ነው የሚመጣብኝ። ሙላቱ ባንተ ድምፅ ነው የሚያወራኝ።» ይህን ብላ ሳቀች።

መልእክቱን አየው። «ሆዴ፣ እኔ ደህና ነኝ። አትጨነቂ፤ በቅርቡ እንገናኛለን» ይላል።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ልጅቱ ዝናብ ላይ ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች። ሮማነወርቅ ልጇን በዓይኗ «አንብብ» አለችው። አፉን ከፈተ። እንባው ቀደመው። ነጅማ ፊቷን አዞረች።

«ይቱ፣ አንተም በፊልም?» አለች እየሩሳሌም።

«አዎ» ሊላት ነበር።

«አላነበውም» አለ። «ጄሪ፣ ዛሬ ማዳም ቤት አትመለሺ። እዚህ እደሪ።»

እሱን አየችው፤ ከዚያ ሮማነወርቅን። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። «ኢቃማዬ እኮ እሷ ጋ ነው» አለች በቀስታ፤ የመኖሪያ ፈቃዷን ማለቷ ነው።

«እኔ እደውልላታለሁ።»

ስልኩን እንደያዘ ወደ ደረጃው ወጣ። እናቱ ተከትላው ክንዱን ያዘችው። «ሴትዮዋ ካወቀች ትነግራታለች፤ አላልንም?»

«እማ፣ ጄሪ እኮ እዚህ ናት። እንዴት አድርጋ ትነግራታለች?»

ሮማነወርቅ ክንዱን ለቀቀችው።

ይትባረክ ጅዳ ነው የተወለደው፤ ዓረብኛው እንደ ሰፈሩ ልጆች ነው። ለማዳሟ ምንም ሳይደብቅ ነገራት።

«አላህ ይርሐሙ፣ ነፍሱን ይማር» አለች ሴትዮዋ። «ሦስት ቀን ትቆይ።»

ከዚያ በሙላቱ ፎቶ ሥር ጻፈ፦ «ጋሼ ምስጋና፣ ከእንግዲህ አይጻፉ። ነገ እንነግራታለን።» «ኦንላይን» የሚለው ጠፋ።

ሲመለስ ቴሌቪዥኑ ተዘግቷል። እየሩሳሌም መሀል ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጅማ እጇን ይዛታለች። ስልኳን ተቀበለችውና ሳታየው ወለሉ ላይ በፊቱ ደፋችው።

ቅዳሜ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰባት ሰዎች መጡ፤ መርዶው ተነገራት።